እስከ ቀዩ ምልክት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ እታለም፤

አሰላሙ አለይኩም። ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እኔም ፀንሼ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የሆነውን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ አማቴ ከጎኔ ስለማይጠፉ ነው። ማንበብ ስለማይችሉ ግን ጎረቤታችን ሱሀይላ አንቺ ወዳለሽበት ወደ ጅዳ ስትመለስ ይህን በእጇ ሰደድኩልሽ።

ለምን እንደሆነ ሳልነግርሽ ላኪልኝ ያልኩሽ፣ ስጋ ውስጥ ተሰክቶ ሙቀቱን የሚለካው ቴርሞሜትር ደርሶኛል። ባለቤቴ አዩብ ስጋም ትኩሳት ይይዘዋል እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። አማቴ ግን አልሳቁም፤ የእጃቸውን ሙያ የተጠራጠርኩ መሰላቸው።

እታለም፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ያለ ጊዜያቸው የወጡብኝን ሁለቱን ሳረግዝ ጉበት አምሮኝ ነበር። አማቴ የነፍሰ ጡር አምሮት አያሳልፉም፤ ሁለቱንም ጊዜ በግ አሳርደው፣ ጉበቱን ለብ ለብ አድርገው በእጃቸው አጎረሱኝ። በኋላ የጤና ጣቢያው አዋላጅ በደንብ ያልበሰለ ስጋ ፅንስ ሊያስወርድ እንደሚችል፣ የእኔም ከዚያ ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ። ለማንም አልተነፈስኩም። እኚህ ሴት እናት ሆነውኛል፤ ይህን ሰምተው እንዴት ይሆናሉ?

በዐረፋ ዕለት ደግሞ አማረኝ። አማቴ ጉበቱን ገና ከመጣዱ ሊያወጡት ሲሉ ይቆዩኝ ብዬ ቴርሞሜትሩን ወፍራሙ ክፍል ላይ ሰካሁት። ሙቀቱ አምሳ ዲግሪ እንኳ አልሞላም። ቁጥር ስለማይለዩ ሰባ አራት ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ምልክት አድርጌ፣ ቀስቱ እዚህ ሳይደርስ አይወጣም አልኳቸው። ጉበቱን አደረቅሽው፣ አምሮትሽም አይወጣልሽም ብለው ተቆጡ። ግን ጠበቁልኝ።

ከዚያ ወዲህ የሚሰኩት እሳቸው ናቸው። በቀደም ድስቱ ላይ እንዳጎነበሱ፣ ዞረው ሳያዩኝ፣ ይህ ነገር ያን ጊዜ ኖሮ ቢሆንስ ብለው ጠየቁኝ። የአላህ ቀደር ነው፣ ከስጋ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ዋሸኋቸው። ምሳ ሲቀርብ እጃቸውን ታጠቡ እንጂ አልቀመሱም።

አሁን ይህን ስጽፍ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ምን እንደምጽፍ አልጠየቁኝም። ወግዲ የተዳረችው ልጃቸው ፀንሳለች፤ ለእሷም አንድ ቴርሞሜትር እንድትልክልኝ ጻፊላት አሉኝ። ቀዩን ምልክት ግን ከዚህኛው እያየሁ እኔው በእጄ አደርግበታለሁ አሉ።

ዱዓሽ አይለየኝ። አላህ አንቺን በሰላም ወደ አገርሽ መልሶ ይህን ሦስተኛውን ለማቀፍ ያብቃሽ። አሚን።

ታናሽ እህትሽ
ከመካነ ሰላም