የቆመው የቼሎ ኮንቼርቶ

ሐሙስ፣ ኅዳር 9 ቀን

የምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሕፃኑስ? እኛ አለን። የአባትሽ ግራ እጅ እንደሰነፈ ነው፤ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ። የዘገየሁት ረስቼሽ ሳይሆን ደክሞኝ ነው።

አባትሽ ገና ወጣት ሳለ፣ አንድ ቼሎ፣ ያ በእቅፍ ተይዞ በቀስት የሚጫወቱት ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ፣ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ኮንቼርቶ ጀምሮ ነበር። ሁለተኛው ክፍል መሃል ላይ ተወው። ነግረንሽ አናውቅም። ባለፈው ወር የኦርኬስትራው መሪ ቤት ድረስ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ አንድ ወጣት ይጨርስልዎትና እናቅርበው" አለው።

አባትሽ ፊቱ ተለዋወጠ። "የኔን ነገር ሌላ ሰው አይጨርሰውም! ከፈለጋችሁ እስከቆመበት ተጫወቱት።"

ኖታውን ከአሮጌ ሻንጣ ውስጥ አወጣሁት። መሪው ጠርዙን እያየ፣ "ይህ የቀስት ምልክት የማን ጽሑፍ ነው?" አለኝ።

"የዚያን ጊዜዋ ቼሎ ተጫዋች" ብዬ ኖታውን አስረከብኩት። የኔው ነበር።

ቅዳሜ ተጫወቱት። ተጫዋቿ ያንቺ እኩያ ናት። የቆመበት ስትደርስ ቀስቷን አነሳች። ሰዉ ያጨብጭብ አያጨብጭብ ግራ ገባው። አባትሽ ከሕመሙ ወዲህ ድምፁን መመጠን አቅቶታል፤ በዚያ ጸጥታ ወደ እኔ እየጠቆመ "ቀሪው እሷ ጋ ነው! እሷ እየተጫወተችልኝ ነበር የምጽፈው!" አለ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ታክሲ ውስጥ፣ "መጫወቱን ለምን ነበር ያቆምሽው?" አለኝ። ይኸው ሠላሳ ሦስት ዓመት ጠይቆኝ አያውቅም።

"አንድ እቅፍ ነው ያለኝ፤ ልጅ ልቀፍ ወይስ ቼሎ?" ብዬ ቀለድኩ። መሳቅ ጀምሮ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ እሱም አቅም ይጠይቃል።

በስልክ፣ "ለልጄ ስል የሕክምና ትምህርቱን ልተወው ነው" ያልሽኝን ሳብሰለስል ከረምኩ። ያን ዕለት "አንቺ ታውቂያለሽ" አልኩሽ። ልክ አልነበርኩም። አንቺን መውለዴ አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። ስለ ቼሎውም እንዲሁ "መተዌ ቆጭቶኝ አያውቅም" ብዬ ልጽፍልሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት።

አባትሽን አክስትሽ ትይዝልኛለች፤ ተነጋግረን ጨርሰናል። ጥር ላይ እመጣለሁ። ፈተናሽን እስክትጨርሺ ልጁ እኔ ጋ ነው።

ፈጣሪ ጉልበትሽን አያሳጣሽ፤ ልጅሽን ያሳድግልሽ።

እናትሽ