የሰው ማኅተም በክንዴ ላይ

ኅዳር 4

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ናት። አፉ ግን የኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሃምሳውን እንጨት ስጠርብ ኖሬአለሁ።

ይህ የግፊት ደብተር ነው። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ "በየቀኑ ይለኩና ያስጽፉ፤ የሚሰማዎትንም ይጨምሩበት" አለችኝ ነርሷ። እሺ፣ እንጨምራለን።

ግፊት 168 በ 98። የሚሰማኝ… ምንም። ጉልበቴ። ጨው የሌለው ምሳ።

ምራቴ ደብተሩን ወደ ቀኝ ሳብ አደረገችው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጉጥ ብዕሩን ያደናቅፍባታል። ጠረጴዛውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ በተወለደ ዓመት። "አባባ፣ ጉጥ የሌለው ጣውላ ጠፍቶ ነው?" ትላለች። አንቺ ምን ታውቂያለሽ አልኳት። ይህንንም ጻፊው። ጻፈችው፣ እየሳቀች።

ኅዳር 5

171 በ 100። ባሰ። ለምን እንደባሰ አውቃለሁ። ትናንት ያላስጻፍኩት ነገር አለ።

እኔ እጅጌ አልሰበስብም። ሐሩር ቢሆንም፣ ሥራ ላይም ብሆን። ሐኪም ቤት ሁልጊዜ የምሰጠው ግራ ክንዴን ነው። ትናንት ግራው ላይ ደም ቀድተውኝ ስለነበር ነርሷ ቀኙን ሳበችው። እጅጌውን ወደ ላይ ስትገፋው ንቅሳቱ ታየ። ክብ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ፊደል።

"ስምዎ ነው አባባ?"

"አዎ፣ ስሜ ነው" አልኩ።

ስሜ አይደለም። በዚህ አፌ ስንቱን ሰው አስቀይሜአለሁ፤ እውነቱን ፊት ለፊት ስለምናገር ነው። ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ለአንዲት ነርስ፣ ያውም ሳታስገድደኝ…

ምራቴ ብዕሩን አቆመች። ጻፊ አልኳት። ለባልሽ ግን እንዳታነቢለት።

ኅዳር 8

165 በ 97።

የማን ስም? እንዲህ ነው። ሙያውን የተማርኩበት ቤት አለቃ ዕቃው እንዳይሰረቅበት እያንዳንዱን እጀታ በጋለ ብረት ይተኩሰው ነበር። መጋዙንም፣ መሮውንም፣ መዶሻውንም። ክብ፣ መሐሉ ላይ የስሙና ያባቱ ስም መጀመሪያ ፊደል። እኛ አምስት ወጣቶች ነበርን። አንድ እሑድ ተሰብስበን ያንኑ ማኅተም ክንዳችን ላይ ተነቀስነው። ማንም አላስገደደንም። የዚያ ቤት ሰው መባል ያኮራ ነበር። አለቃው ሲያይ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "አሁን የቤቱ ልጅ ሆንክ" አለኝ።

የቤቱ ልጅ… የቤቱ ዕቃ እንጂ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ መላጊያ ጠፋ። አልጠየቀም፣ አላጣራም፤ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። "ዕቃዬን አስረክበህ ውጣ።" አስረከብኩ። በሩ ላይ ስደርስ ክንዴን አየና ሳቀ። "እሷን እንኳ ይዘሃት ሂድ፤ አትፈታም" አለ። ሠራተኛው በሙሉ ሳቀ። አራቱ ጓደኞቼም።

መላጊያው በሳምንቱ ሰጋቱራ ሥር ተገኘ አሉ። የጠራኝ የለም።

በዚህ ዓለም ላይ ለይቼ የማውቃቸው ፊደሎች ሁለት ናቸው። እነሱም የሱ ናቸው። ለልጄ "የወጣትነት ቂልነት ነው" ብዬው አደገ። ሌባ ተብዬ ተባረርኩ ብዬ ለልጅ እነግራለሁ?

ኅዳር 9

ስሞት የሚያጥቡኝ ሰዎች ያዩታል። የሰው ዕቃ ሆኜ አልቀበርም። አለቀ።

ኅዳር 15

ምሳ ላይ ተናገርኩ። ንቅሳቴን በሌላ ንቅሳት ላስሸፍነው ነው አልኩ። ልጄ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"አባዬ፣ ካረጁ አይበጁ የሚሉት እኮ ይሄንን ነው።"

"እበጅ እንደሆነ ታያለህ።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን ሸፍነኸው ኖረህ፣ አሁን ማን አየብኝ ብለህ ነው?"

"እኔ።"

"ሰው ምን ይላል?"

"ክንዱ የሰው ነው እንዴ?" አልኩት። ካፌ ከወጣ በኋላ ራሴው ደነገጥኩ። ምራቴ ሳህኗ ላይ አቀርቅራ ቀረች።

"ቁስሉ ቢያመረቅዝስ? እኔ አላደርስህም" አለ።

እግር አለኝ አልኩት። 170 በ 99። ጻፊው፣ የሱ ሥራ ነው።

ኅዳር 20

ከምራቴ ጋር ንቅሳት ቤት ሄድን። ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አሥራ ሰባት ደረጃ። የእጅ መደገፊያው ይወዛወዛል፤ የጎደለው ሁለት ብሎን ነው። ሰው እንዴት ይህን እያየ ያልፋል?

ነቃሿ የልጅ ልጄን ታህላለች፤ እስከ አንገቷ ተነቅሳለች። "ማንን ይዘው መጡ አባቴ?" አለች። "ክንዴን" አልኳት።

በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። "እዚህ ጋ ምን ነክቶት ነው የሻከረው?"

"ብርጭቆ ወረቀት።"

"ምን?"

"ያኔ ልፍቀው ብዬ። መጀመሪያ በሻካራው፣ ከዚያ በለስላሳው።"

አፏን በእጇ ያዘች። "ውይ አባቴ፣ እንጨት መሰለዎት?"

"የማውቀው እሱን ነው።"

ጥቁርን የሚሸፍነው ከሱ የጠቆረና የሰፋ ብቻ ነው አለች። ጠባሳው ቀለም እኩል አይዝም፣ ቆዳውም ሳስቷል፣ ሐኪም በወረቀት ካልፈቀደ ደግሞ አልነካዎትም አለች። ሥዕል አሳየችኝ። ንስር። ምን አድርጎልኝ? አንበሳ። የት ተዋውቀን? ጽጌረዳ… ተይኝ እባክሽ አልኳት። ተነሥቼ ወጣሁ። ያናደደኝ ልክ መሆኗ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ቆዳን ረስተውታል።

ኅዳር 28

158 በ 92። ሐኪሙ ከ150 በታች ካልወረደ አልፈርምም ብሏል። ጨው ተውኩ። ጧት ጧት እስከ ድልድዩ በእግሬ እሄዳለሁ። የምበላው ምሳ አይደለም፣ ቅጣት ነው።

ታኅሣሥ 2

ብዕሩ ዛሬም ጉጡ ላይ ተደናቀፈ። "ወይ ይሄ ጉጥ" አለች ምራቴ። እኔም አየሁት። ስንት ዓመት በልቼበታለሁ… ቆይ አልኳት። ደብተሩን አንሺው።

ጉጥ ማለት ቅርንጫፍ የነበረበት ቦታ ነው። ዛፉ ነቅሎ አይጥለውም፤ ዙሪያውን እየከበበው ያድጋል። የጣውላው መስመር ሁሉ እዚያ ሲደርስ ጎበጥ ብሎ ያልፈውና መንገዱን ይቀጥላል። ጉጥን በቀለም የሚሸፍን ሞኝ አናጢ ነው፤ በዓመቱ ከቀለሙ ሥር ብቅ ይልበታል። ዋና አናጢ ግን ጉጡን መሐል አድርጎ ጣውላውን ይመርጣል። እኔ ይህን ጣውላ የመረጥኩት በጉጡ ነው።

ጥቁር፣ ክብ፣ ሻካራ። ክንዴ ላይስ ያለው ምንድን ነው?

ወረቀት አንጥፊበትና እርሳሱን አጋድመሽ ፈግፍጊው አልኳት። ፈገፈገች። ጉጡ ከነመስመሩ ወረቀቱ ላይ ወጣ። እጇ በእርሳስ ጠቁሮ "ለልጅዎስ ምን ልበለው?" አለችኝ።

አንቺ ብዕር ነሽ፣ አፍ አይደለሽም አልኳት።

ታኅሣሥ 6

ነቃሿ ወረቀቱን መስኮት ጋ ወስዳ ብዙ አየችው።

"ማን ነው የሳለው?"

"ዛፉ።"

ክንዴ ላይ አስጠግታ ለካችው። "ፊደሎቹ ጉጡ ውስጥ ይሰምጣሉ" አለች። ቀጥላም፣ "ጠባሳውን ግን ዋስ አልሆንልዎትም።" ወደድኳት። ዋስ እሆናለሁ የሚል ባለሙያ ቀጣፊ ነው።

ታኅሣሥ 17

146 በ 88። ሐኪሙ ፈረመ። "በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግልዎታል?" አለ። እሱ የኔና የክንዴ ነው አልኩት።

ታኅሣሥ 20

ተነቀስኩ። ሦስት ሰዓት። መርፌ እንደ መሮ ነው፤ ልኩን ካላወቁለት ይቆፍራል። ልጅቱ ልኩን ታውቃለች።

"ያማል አባቴ?"

"ሥራሽን ሥሪ።"

ያማል። አሁን በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ እንደ ተረፈ ምግብ። ልጄ አየና ፊቱን አዞረ።

ጥር 2

ቅርፊቱ ወደቀ። መሐሉ ላይ ጠባሳው ቀለሙን ተፍቶታል። አንደኛዋ ፊደል እግሯን አውጥታለች። አይጻፍ ሌላ።

ጥር 3

አልተለካሁም። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ "ቅባቱን አደረግክ?" አለ። ውጣ አልኩት።

ጥር 6

ምራቴ ለነቃሿ ደውላላት ነበር፣ ሳልጠይቃት። አንድ ዙር ይቀራል፣ ቆዳው ይረፍና በሦስት ሳምንት ይምጡ ብላለች። እንጨትም ቫርኒሽ አንዴ ብቻ አይቀባም። ይህን እኔ እንዴት ረሳሁት?

ጥር 27

ስወጣ መኪናው ተነሥቷል። ልጄ መሪው ላይ ነው።

"አላደርስህም አላልክም?"

"በዚያ በኩል ጉዳይ አለኝ።"

ጉዳይ የለውም። እሱ ታች ቀረ፣ እኔ አሥራ ሰባቱን ደረጃ መደገፊያው እየተወዛወዘ ወጣሁ። ነቃሿ ጉጡ ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ሠራች፣ በቀስታ፣ ትንፋሿን ውጣ። ስወርድ መደገፊያውን ያዝኩት። አልተንቀሳቀሰም። ሁለት አዲስ ብሎን።

ልጄ መፍቻውን ኪሱ ውስጥ ሲከት አየሁት። መኪናውን አስነሣ።

የካቲት 23

138 በ 84።

ጧት ጤና ጣቢያ። ቀኝ ክንዴን ራሴ ዘረጋሁ። እጅጌዬ አጭር ነው፤ ከአርባ ምናምን ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው። ነርሷ ዐይኗን ክንዴ ላይ ተከለች። "ስምዎ አልነበረም እንዴ እዚህ ጋ?"

"ስሜ አልነበረም። ዋሽቼሻለሁ" አልኳት።

"ታዲያ ይሄስ?"

"ይሄ የራሴ ነው።"

ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። ፊደሎቹን ፈለግኳቸው። የት እንደነበሩ አውቃለሁ፤ በመነጽርም ፈለግኳቸው። የሉም። ጉጥ ብቻ። መስመሩ ከክርኔ ይነሣል፣ ጉጡ ጋ ይጎብጣል፣ አልፎ እስከ እጄ አንጓ ድረስ ይወርዳል።

ልጄ ከሥራ ገባ። ክንዴን አየ። ጠረጴዛውን አየ። ተመልሶ ክንዴን አየ።

"ይቺማ ጠረጴዛዋ ናት" አለ። "የቤት ሥራ ስሠራ እርሳሴን የምትሰብረው።"

አጠገቤ ቁጭ አለና ጣቱን ክንዴ ላይ አሳለፈ። ከክርኔ ወደ አንጓዬ። ከመስመሩ ጋር፣ በተቃራኒው አይደለም። ትንሽ ሳለ እንጨት እንዴት እንደሚዳሰስ ያሳየሁት እንደዚያ ነው። ሙያውን ተወ እንጂ እጁ አልረሳም።

"ሥሩ የነበረው ግን ምን ነበር አባዬ? እውነቱን።"

መልሱ ደብተሩ ውስጥ አለ አልኩት።

በቃ፣ እዚህ ላይ አቁሚ። ከኅዳር አራት ጀምረሽ አንብቢልኝ። ኅዳር ስምንትን እንዳታልፊው። ድምፅሽንም ከፍ አድርጊ፤ ባልሽ እዚሁ ተቀምጧል፣ ይስማ።