«የወደቀ አይነሳ» ላሉን አለቃ

ለተከበሩ የመንገድ ደኅንነት ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይ ደግሞ ቀኝ እግርዎ ደኅና ነው? እኛማ በደጃችን ባቆሙልን ማስታወቂያ ተጠብቀን ከነሕመማችን አለን። እኔ ከማዞሪያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ የሚሠራው የልብስ ሰፊ ሚስት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌም ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምባልና ስብሰባዎን መድፈር ነውር ስለሆነብኝ ብቻ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከማስታወቂያዎ ልጀምር። በማዞሪያው ምሰሶ ላይ በቀይ ቀለም «አደጋ ሲደርስ ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ የወደቀ አይነሳ» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊዎ በትሕትና እንዳስረዳችኝ ነገሩ የታሰበው ለመስታወት ስብርባሪና ለፓራውልት ነበር፤ ሰሌዳው ስለጠበበ ግን «ዕቃ» የምትለዋ ቃል ሳትገባ ቀረች። ለቀለም ቁጠባዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ቅሬታዎቼም እነሆ፦

1ኛ. ባሌ የሰፋውን የተማሪ ልብስ አድርሶ በብስክሌት ሲመለስ፣ አንድ ዳቦ አከፋፋይ ሾፌር ሲታጠፍ ገጨው። ሾፌሩ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጨዋ ሰው ነው። ሌላው ቢሆን እብስ ባለ ነበር፤ እሱ ግን ወዲያው ቆመ፣ ፍሬቻውን በሁለቱም በኩል አበራ፣ ከኋላው የሚመጣውን መኪና የሚያስጠነቅቀውን ሦስት ማዕዘን ምልክት አስቀመጠ፣ ከዚያም ባሌን ሊያነሳ ሮጠ። ሕዝቡ «በሕግ አምላክ! እንዳትነካው፣ ተጽፏል!» ብሎ ያዘው። ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህርም መነጽራቸውን አድርገው ካነበቡ በኋላ «የወደቀ» የሚለው ቃል ሰውንም ዕቃንም እንደሚያጠቃልል በሰዋስው አስረዱ። ስልክ የያዘው ሁሉ ደወለ፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ግን የአምቡላንስ ሳይሆን የጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር ስለነበር ማንም አላነሳም። እዚያም ቤት አይነሳም ማለት ነው።

እኔ ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ባሌ አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል። ሕግ ምን አገባኝ ብዬ ብብቱ ሥር እጄን ሳስገባ፣ «ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ቦታዬን ከለቀቅሁ ይሄን ምስኪን ሾፌር ጥፋተኛ ያደርጉታል» አለኝ። ወይ ጉድ! የገጨውን ሰው ከክስ ለማዳን የተኛ ተገጪ ከዚህ በፊት አይተው እንደሆነ አላውቅም። ተናደድኩበት፤ አሁንም እንደተናደድኩበት ነኝ፤ ግን እንዲህ ያለ ሰው ስለሆነ ነው ያገባሁት።

2ኛ. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ትራፊክ ፖሊሱ የምሰሶው ጥላ ከመንገዱ አንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ከተሻገረ በኋላ ደረሰ። ሜትር ይዟል፤ ጠመኔ ግን የለውም። ክቡር ሆይ፣ ባሌ በተኛበት ከሸሚዙ ኪስ ጨርቅ የሚያሰምርበትን ጠመኔ አውጥቶ ሰጠው። ፖሊሱም በባሌ ጠመኔ ባሌን ዙሪያውን አሰመረው። ባሌ ልማድ ሆኖበት «ትከሻው ላይ አጥብበኸዋል» ብሎ አረመው፤ ፖሊሱም አመስግኖ አስፍቶ አሰመረ። ልኩ በሚገባ ከተወሰደ በኋላ ባሌ እንዲነሳ ተፈቀደለት፤ ያን ጊዜ ግን እግሩ ፈቃዱን አልተቀበለም።

3ኛ. ሐኪሙ እግሩን አይተው ደም ተቋርጦበት እንደቆየ ነገሩን፤ ቀጥለውም «ምን ስትጠብቁ ነበር?» አሉ። የእርስዎን ክብር ለመጠበቅ «ታክሲ» አልኳቸው። እግሩ አልተቆረጠም፤ ተመስገን፣ አብሮን ይኖራል፤ አይታዘዝም እንጂ። ባሌም እንደ ሾፌሩ የመኪና ሰው ነው፤ የእሱ መኪና የልብስ ቢሆንም ያለ ቀኝ እግር አትሄድም። አሁን እሱ ጨርቁን ይመራል፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ፔዳሉን እረግጣለሁ። ስፌቱ ጠመመ ብሎ ሲቆጣኝ ደስ ይለኛል፤ ዝም ሲል ነው የምፈራው።

ልመናዬ ካሣ አይደለም። ከሰሌዳው ግርጌ «ሰው ከወደቀ ግን አስቀድሞ ሐኪም ይጠራለት» የምትል መስመር ትጨመርልን። ቦታ ከጠበበ፣ የሰሌዳውን እኩሌታ የያዘው የእርስዎ ስምና ማዕረግ ትንሽ ጠጋ ቢልላት ምን ይመስልዎታል? ነገ እዚያው ማዞሪያ የሚወድቀው የማን ባል እንደሆነ አላውቅም፤ የእርስዎም መኪና በዚያው ነው የሚያልፈው።

ከወንበርዎ ሳይወድቁ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ፣ ምናልባት ቢወድቁም ያላነበበ ሰው አጠገብዎ እንዲገኝ ዘወትር የምትመኝልዎ፣

የተሰመረው ልብስ ሰፊ ባለቤት

ማስታወሻ፦ የባሌ ምስል አስፋልቱ ላይ አሁንም አለ። ሾፌሮች ሁሉ እንዳይረግጡት ዞረው ያልፋሉ፤ ላሳዩት ክብር እናመሰግናለን። ባሌን ጠዋት ጠዋት «ተነሳ እንጂ፣ ሥራ ረፈደ» ስለው «ትራፊክ መጣ እንዴ?» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን አብረን እንስቅ ነበር። አሁን ይጠይቀኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ መልሱን እኔም ከጽሕፈት ቤትዎ እጠብቃለሁ።