መይሊን የላከችው ላክሳ

ሎስ አንጀለስ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 2014

የምወድህ ልጄ ኅሩይ፣

እንደምን ከርመሃል? ማላካ ተስማማችህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የአባትህ ጉልበት ብቻ ደረጃ ማየት አይፈልግም።

ባለቤትህ መይሊን የላከችው እሽግ ደረሰኝ። ድልህ የሚመስለውን ቀይ ነገር ከፍቼ ሳሸተው ጠጅ ሣር ጠጅ ሣር አለኝ። እኛ የምንጎዘጉዘውን እነሱ ይበሉታል ማለት ነው? የቀረውን ቅመም ግን መለየት አቃተኝ፤ ጠይቅልኝ። አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ «ሽሪምፕ አላስገባሁበትም፣ በዓሣ ይሥሩት» ብላለች። አባትህ ሽሪምፕ እንደማይነካ አንተ ነህ የነገርካት?

ኑድሉንና የኮኮናት ወተቱን ፍለጋ ጎረቤታችን ሰብሊ እስከ ሎንግ ቢች ድራይቭ አድርጋ ወሰደችኝ። ባለሱቋ ካምቦዲያዊት ናት፤ ለምን እንደምፈልገው ብትጠይቀኝ፣ ሳላስበው «የምራቴ አገር ምግብ ልሠራ ነው» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላክሳውን፣ የማሌዥያውን የኑድል ሾርባ፣ ሠራሁት። ወተቱ ሲፈላ ዘይቱ ላይ ላዩን ተንሳፈፈ። እንደዚያ ነው የሚሆነው ወይስ እሳት አብዝቼበት ነው?

አባትህን ታውቀዋለህ። ከሠርግህ ወዲህ ስትደውል «ተኝቷል» የምልህ፣ እዚያው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነው። ይቅር በለኝ። ላክሳውን ሳቀርብለት ከየት እንደመጣ አልነገርኩትም፤ እሽጉን ግን ጠረጴዛው ላይ አይቶታል። ወተት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የኮኮናት ነው አልኩት። ኑድሉን በሹካ ሲያሳድድ ቆይቶ ማንኪያ ፈለገ። መረቁን ጨርሶ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ፤ ደገምኩለት። ሁለተኛውን አጋምሶ ማንኪያውን አስቀመጠና፦

«ኅሩይ ልጅ እያለ ዓሣ አይወድም ነበር። እሷ ናት ያስለመደችው?» አለኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስምህን ሲጠራ አልሰማሁም ነበር። ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩና «እኔ ምን አውቄ፣ ራሱን ጠይቀው» አልኩት። ማንኪያውን መልሶ አነሳ። ማታ ግን ማላካ አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ።

እሁድ ስትደውል ስልኩን እሱ ሊያነሳው ይችላል። ድምፁን ስትሰማ ደንግጠህ እንዳትዘጋው።

የመይሊንን እጅ እግዚአብሔር ይባርክልኝ፤ ቤታችሁን ሳቅ የማይጠፋበት ያድርግላችሁ።

እናትህ ለተማርያም