እናትህ ሆስፒታል አልመለስም ብለዋል

ለቀድሞ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የኡልሳን መርከብ መሥሪያ፣ የባሕሩ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤት ካለህ ሰላም በልልኝ፤ እናትህን መጠየቅ ስላልደፈርኩ አላውቅም። ያልደወልኩልህም ድምፅህን ስሰማ ዋናውን ነገር ሳልናገር እንዳልዘጋው ፈርቼ ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው። እናትህ በመከር ወራት የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል። በስልክ "ጉንፋን ነው" እያሉ ሲያስሉብህ የከረሙት ደረታቸው ተከፍቶ፣ አጥንታቸው በሽቦ ታስሮ ነው። ቤታቸው ሲያገግሙ እየሄደች የምትከታተላቸው ነርስ ደግሞ፣ ዕጣ ሆኖ፣ እኔ ሆንኩ።

የመጀመሪያ ቀን በር ላይ እንደቆምኩ ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስም አነበቡት። ሙን ይላል። ያንተም ዘር ሙን፣ የእኔም ዘር ሙን። ሰባት ቤት ቀርቶ ሰባ ቤት ቢቆጠር የማንገናኘውን ሰዎች "ሙን ከሙን አይጋባም" ብለው የለያዩን፣ ስወጣም ዳግመኛ እንዳልመጣ ከኋላዬ ጨው የበተኑት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ አንድ ዘር ያላቸው እንዳይጋቡ የሚከለክል ሕግ ስለነበር ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነበር። አንተ ተቆጥተህ ወደ ኡልሳን ሄድክ፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ። ዛሬ ደግሞ ለልባቸው አይሆንም እያልኩ ጨው የምደብቅባቸው እኔ ነኝ። ለማንኛውም ያን ቀን "ግቢ፣ ብርድ አታስገቢ" ብቻ ነው ያሉኝ፤ አይተውኝ እንደማያውቁ። እኔም እንደማላውቃቸው ሆንኩ።

አልጋ ይግባልዎ ብዬ ብለምን "አልጋ ላይ የሚተኛ በሽተኛ ነው" ብለው እንቢ አሉ። እንደ ልማዳቸው ከሥሩ በሚሞቀው ወለል ላይ ነው የሚተኙት። አጥንቱ እስኪገጥም በእጃቸው ተደግፈው መነሳት ስለተከለከሉ፣ ጠዋት የጎረቤታቸውን የቦንግሱንን፣ እኔ ስመጣ የእኔን አንገት አቅፈው ይነሳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበር፤ እያደር ተዉት። ቦንግሱን አንድ ቀን አይታን "ልትጨፍሩ ነው እንዴ?" ብላ ብትስቅ "ሂጂ ዓሣሽን አስጪ!" ብለው አባረሯት። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ነገሩ ተበላሽቷል። እግራቸው አብጧል፤ በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ምግብ ሳይበሉ ክብደታቸው ይጨምራል፤ ውሃ ነው። መጋደም አቅቷቸው ግድግዳ ተደግፈው ያነጋሉ። ሐኪሙ ዛሬ ነገ ሳይባል ሆስፒታል ይመለሱ ብሏል፤ እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። "ልጄ ለአዲስ ዓመት ቢመጣ ቤቱን ተዘግቶ ሊያገኘው ነው?" ይላሉ። ስንት አዲስ ዓመት ሳትመጣ እንዳለፈ እሳቸውም ያውቃሉ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ አለቀስኩም። ግትርነቱን ከማን እንደወረስከው ገባኝ።

ትናንት እግራቸውን ስዳስስ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ "ያ ሕግ የተሻረ ዕለት ዓሣ እያጸዳሁ ሬዲዮ እሰማ ነበር። ዘጋሁት" አሉኝ። የትኛው ሕግ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ጥቂት ቆይተው "ለልጄ እንዳትጽፊለት፣ ሥራ ላይ ነው" አሉ። ካፖርቴን ለብሼ ልወጣ ስል መልሰው ጠሩኝና፣ "ልጄ ቪታሚን የላከልኝ ካርቶን ቁም ሳጥኑ ላይ አለ፣ አድራሻው ተጽፎበታል፣ እንዳትነኪው" አሉኝ። ከዚያ እስክወጣ ድረስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስለዚህ አዲስ ዓመትን አትጠብቅ። እስከዚያ የሚቆዩ አይመስለኝም፤ ይህን የምልህ እንደ ነርስ ነው። እንሂድ የምትላቸው አንተ ከሆንክ ይሄዳሉ። ቂምህን አውቀዋለሁ፣ የእኔም ነውና፤ ግን እሱ በኋላም ይደርሳል። የምትመጣበትን ቀን ለቦንግሱን ደውለህ ንገራት። ያን ቀን በእኔ ፈንታ ሌላ ነርስ እንድትመጣ አደርጋለሁ።

መንገዱን ያቅናልህ፤ በሕይወት ለመገናኘት ያብቃችሁ።

የእናትህ ነርስ