በጣም የጸዳ ውሃ

ጥቅምት 4
ቀኑን ሙሉ ጥርስ ስነቅልና ስሞላ ውዬ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ጨው ውሃ የዓሣ ገንዳዬ። መብራቱ በርቷል፣ ፓምፑ ውሃውን ያማስላል፣ ዓሣዋ ድንጋይ ሥር ተወሽቃለች። ኮራሏ ግን... ጫፏ ፈዘዝ ብሏል? ወይስ ዓይኔ ነው?
ባለቤቴን ጠራሁት። «ትናንትም እንዲሁ ነበረች» አለ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። ትናንት ማየቱን እጠራጠራለሁ።

ጥቅምት 7
ዓይኔ አይደለም። ቡናማ ነበረች፣ ጫፎቿ ሐምራዊ። አሁን ውሃ ገብቶት የደረቀ ወረቀት መስላለች።
እንግዳ ሁሉ «ይቺ ድንጋይ» ይላታል። እንስሳ ናት፤ ድንጋዩን ራሷ ነው የምትሠራው፣ ከላይ እስከ ታች ትንንሽ አፍ ብቻ። እንጀራዬ አፍ ማየት ነው፤ የእሷን ግን ማንበብ አቃተኝ።
ማጣሪያውን አጠብኩ። ውሃ ቀየርኩ። መስታወቱን ወለወልኩ።

ጥቅምት 12
ታላቅ እህቴ ደወለች። ኮራሏን ከራሷ ገንዳ ቆርጣ የሰጠችኝ እሷ ናት። መብራት ጠፍቶባት፣ ውሃው ቀዝቅዞ፣ የእሷዎቹ ሁሉ ሞቱ።
«የቀረችኝ አንቺ ጋ ያለችው ብቻ ናት። ታኅሣሥ ላይ እመጣለሁ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ትቆርጪልኛለሽ።»
«እሺ እታለም።»
«ደህና ናት አይደል?»
«ደህና ናት።»
ለምን እንዲህ አልኩ?

ጥቅምት 15
እንደገና ውሃ ቀየርኩ። ጨው ልክ፣ ሙቀት ልክ፣ ካልሲየም ልክ። የቆሻሻ ምልክት ጭራሽ የለም። ባለቤቴ ወደ ውሃው አጎንብሶ፦ «እዚህ ውስጥ እኮ ቀዶ ሕክምና ይሠራል።» አልሳቅኩም።

ጥቅምት 16
ነጭ። እንዲህ እንዳለች ብቆርጣት ትሞታለች። እህቴን ምን ልላት ነው...

ጥቅምት 24
ከሙያ ስብሰባ ተመለስኩ። ገንዳውን ለባለቤቴ ትቼ ነበር የሄድኩት። መስታወቱ አረንጓዴ ለብሷል፣ የዓሣ ምግቡ ጣሳ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው።
«ምን አድርገህ ነው?»
«ዓሣዋ አሳዘነችኝ፣ አጎረስኳት።»
«ማጣሪያውስ?»
«የቱ ማጣሪያ?»
እየተንጨረጨርኩ ስፖንጅ አነሳሁ። ከዚያ አየሁ። ኮራሏ ግርጌ ላይ ቡናማ ነገር፣ የሻይ ጠብታ የሚያህል። ጥርስ የማይበትን አጉሊ መነጽር አምጥቼ አጎነበስኩ። አፎቹ ወጥተዋል።
ስፖንጁን አስቀመጥኩ።

ጥቅምት 25
ርቧት ነበር? ቆሻሻ ብዬ የጠረግኩት ምግቧን ነው? አፍ ባየሁ ቁጥር ማጽዳት... እዚህም ክሊኒክ አደረግኩት? ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል። የማውቀው ሳልነካት መዳን መጀመሯን ብቻ ነው።
«ስለዚህ ያዳንኳት እኔ ነኝ» አለ ባለቤቴ።
«ገና አልታወቀም።»
«ሐኪም ሲሸነፍ ነው ‹አልታወቀም› የሚለው።»

ኅዳር 9
እስከ ወገቧ ቡናማ። ለእህቴ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። «አንቺ ልጅ፣ ልቤን ልታቆሚው ነው? ምን ነካት?»
«ጽዳት።»

ኅዳር 27
ሐምራዊው ተመለሰ። የምጠርገው የፊት ለፊቱን መስታወት ብቻ ነው፣ እንዳያት ያህል።

ታኅሣሥ 11
እህቴ መጣች። እሷ ኮራሏን ያዘች፣ እኔ ጥርስ በምቆርጥበት ዲስክ መቁረጥ ጀመርኩ።
«ምነው ዘገየሽ?»
«በሽተኛ ላይ አልዘገይም።»
«በሽተኛው ይጮሃላ።»
ቅርንጫፏ ቀጭ ብላ ለቀቀች። ውስጧ ነጭ። አመማት ይሆን? ማንን እጠይቃለሁ? እህቴ ቁራጯን ከነውሃዋ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋ፣ ኮቷ ሥር አቅፋት ሄደች።

ታኅሣሥ 14
ደወለች። «አፏን ከፈተች» አለችኝ፣ በሹክሹክታ፣ ኮራሏ የምትሰማት ይመስል።
የእኔዋ ግን ተቆርጣ የቀረችው እንደተዘጋች ናት። ሳላስበው እጅጌዬን ሰብስቤ ገንዳው ላይ ቆሜያለሁ... መልሼ አወረድኩት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።
«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ባለቤቴ።
«ምንም።»
«አንቺ? ምንም?»
ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩለት።