ፊቴን ሳላውቅ

ይድረስ ለልጄ፤ የረገጥከው ሁሉ ይለምልምልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። የስፌት መኪናዬም እንደኔው ማቃሰት ጀምራለች።

ቅዳሜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሣሏቸው ሥዕሎች በሰፈሩ አዳራሽ ለእይታ ቀርበው ነበር። ታናሽ እህትህ «የኔን ራስሽ ፈልገሽ አግኚው» ብላኝ ከጓደኞቿ ጋር ጠፋች። ስዞር አንድ ሥዕል ያዘኝ። አንዲት ሴትዮ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮት ስር ተቀምጣለች። አንጀቴን በላችው። አጠገቤ የቆመውን መምህራቸውን «ይቺ ምስኪን ጠያቂ የላትም እንዴ?» አልኩት። ሰውየው መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

መልሼ ሳይ፣ ከሹራቧ ቁልፎች አራቱ ጥቁር ናቸው፤ አንዷ ቡናማ። ቡናማዋን በገዛ እጄ የተከልኳት እኔ ነኝ፣ አንተ በላክልኝ ሹራብ ላይ። ፊቴን ሳላውቅ ስፌቴን አወቅሁት።

ልቆጣህ ብዬ አይደለም የጻፍኩልህ፤ ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ። ብቻ ምሳህን አትዝለል፣ ብርድ ሲሆን አንገትህን ሸፍን።

እህትህ ደግሞ «አሁን ስትስቂ ነው የምስልሽ» ብላ ይዛኛለች። ሁለት ቀን ሞከርኩላት። «እማዬ፣ ይሄ እኮ የፎቶ ሳቅ ነው» ብላ እርሳሷን አስቀመጠች።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ የልብህን ይሙላልህ ልጄ። ከቻልክ እሑድ ከሰዓት ደውልልኝ። እርሳሷን ቀርጻ አጠገቤ ትቀመጣለች።

እናትህ